ምዕራፍ 6፦ «ደህና ነኝ» ተብሎ ሲጻፍ

ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሲገባ ወታደሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። እናቱ እንዳሳደገችው፣ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ ሰላምታ ሰጠ። «ዛሬ እንዴት ነህ?» ሲባል አፉ የለመደውን መለሰ፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ጥቂት ቃላት መታ። ወታደሩ ምርመራው ገና የሚጀመር መስሎታል። ወገቡ እስከ የት እንደሚታጠፍ ግን ሐኪሙ አሁን በዓይኑ አየ፤ ሕመም እንደሌለበትም ከራሱ አፍ ሰማ።

ይህ ወታደር አንድ የተለየ ሰው አይደለም፤ ነገሩን ለማስረዳት ያቆምኩት ሰው ነው። ጎንደር ተወልዶ በ12 ዓመቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ገባ፤ በ21 ዓመቱ በአሜሪካ ምድር ጦር ተቀጠረ። ሥራው ከባድ መኪና መንዳት ነው፤ ማዕረጉ ሳጅን፣ አገልግሎቱ 8 ዓመት። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። አንድ ቀን ካምፑ ውስጥ ጎማ ሲያወርድ ከመኪናው ላይ ወደቀ። ወገቡ ተጎዳ፤ ቀኝ ጉልበቱም ዞረ። ቀዶ ጥገናውም፣ ፊዚዮቴራፒውም፣ መርፌውም ተሞከረ። በመጨረሻ «ሜድ ቦርድ ትቀርባለህ» ተባለ።

«ቦርድ» የሚለውን ቃል አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሠራተኛ ወይም ወታደር «ቦርድ ወጣ» ሲባል፣ ሐኪሞች ተሰብስበው መሥራት እንደማይችል መስክረውለታል፣ ተሰናብቷል ማለት ነው። የወታደሩ አጎት ዜናውን ሲሰሙ «እንግዲህ ቦርድ ወጣህ፤ አይዞህ ልጄ፣ ጡረታህን ያስከብሩልሃል» ቢሉት አይፈረድባቸውም፤ የሚያውቁት ቦርድ እንዲያ ነው። የአሜሪካው ግን በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል የሚሄድ ረጅም መንገድ ነው፤ ሁለቱ የሚጠይቁት ጥያቄም አንድ አይደለም። ጦሩ «ይህ ሰው የተመደበበትን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ሰው ቪኤ የሚለው የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደግሞ «አገልግሎቱ ከዚህ ሰው አካልና አእምሮ ምን ያህል ወሰደ?» ይላል። ቦርድ ቀርበው ግራ ከተጋቡ ሰዎች ብዙዎቹን ግራ ያጋባቸው የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መደባለቅ ነው። ጆሮው ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚጮህበት ሰው ቪኤ ዘንድ ካሳ ያገኛል። ጆሮው መኪና ከመንዳት ካላገደው ግን ለጦሩ ጉዳዩ ጉዳይ አይደለም።

ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ወደ አንድ መንገድ የመጡት ከጊዜ በኋላ ነው፤ ያመጣቸውም ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሐበሻ በየቀኑ በሚያልፍበት መንገድ ላይ የተፈጸመ ነገር ነው። ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ከተማው የሚወርድ ሰው ዛሬ አዳዲስ አፓርታማዎችና ሱቆች የሚያይበት ሰፊ ግቢ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እስከ 2011 ድረስ ዋልተር ሪድ የሚባለው ትልቁ የጦር ሆስፒታል ነበር። ከዋናው በር ማዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ሕንፃ 18 የሚባል የቀድሞ ሆቴል ነበር። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ቆስለው የመጡ፣ አልጋ ይዘው መታከሙን የጨረሱ ግን የቦርድ ውሳኔ የሚጠብቁ ወታደሮች እዚያ ይቀመጡ ነበር። በየካቲት 2007፣ በዚያው አቆጣጠር፣ የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ዳና ፕሪስትና አን ሃል ስለዚያ ሕንፃ ጻፉ። ግድግዳው ሻጋታ ለብሷል፤ በረሮና አይጥ ወርሰውታል። የጽሑፉ ትልቁ ነገር ግን ሻጋታው አልነበረም። እግሩን ያጣ ወይም ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ከቢሮ ቢሮ ወረቀት ሲያሯሩጥ ወራት ማሳለፉ፣ ፋይሉ መጥፋቱ፣ ያገለገለ ሰው መሆኑን ራሱ ማስረዳት ማስፈለጉ ነው አገሩን ያስቆጣው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የምድር ጦር ሚኒስትሩ ፍራንሲስ ሃርቪ ሥራቸውን ለቀቁ።

በዚያ ዘመን ቁስለኛው ሁለት ጊዜ ይመረመር ነበር። መጀመሪያ ጦሩ መርምሮ ፐርሰንት ይሰጠዋል። ከተሰናበተ በኋላ ቪኤ እንደ አዲስ መርምሮ ሌላ ፐርሰንት ይሰጠዋል። ለአንድ ወገብ ሁለት ዓይነት ዋጋ ይወጣ ነበር፤ የጦሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ያለው ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ ነገሩን እንዲያጠና የሰየሙትን ኮሚሽን የመሩት የቀድሞው ሴናተር ቦብ ዶልና ዶና ሻሌላ ነበሩ። ዶል ራሳቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን ውስጥ ቆስለው ቀኝ እጃቸውን መጠቀም ያቃታቸው ሰው ናቸው። በኅዳር 2007 የተቀናጀው አሠራር በዋሽንግተን አካባቢ ሆስፒታሎች በሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 ሁሉንም አዳረሰ። ወታደሩ ከጦሩ ሳይወጣ አንዴ ይመረመራል፤ ፐርሰንቱን ቪኤ ያወጣል፤ ጦሩም ያንኑ ይጠቀማል። አሠራሩ ዛሬም ቢሆን አዝጋሚ ነው። ግን ለአንድ አካል ሁለት ሚዛን መያዙ ቀርቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሳጅናችን እንመለስ። መንገዱ የሚጀምረው ወታደሮቹ «ፕሮፋይል» ከሚሉት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሰውን በስድስት ከፍሎ ያያል፦ ጠቅላላ ጤና፣ ከወገብ በላይ፣ ከወገብ በታች፣ ጆሮ፣ ዓይንና አእምሮ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይሰጣል። 1 ሙሉ ጤነኛ ነው። ቋሚ 3 የተጻፈበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቦርድ መንገድ ተከፈተለት ማለት ነው። ሐኪሙ «ሕክምናው የሚችለውን አድርጓል፤ ይህ ሰው በ1 ዓመት ውስጥ ወደ ሥራው ይመለሳል ብዬ አላምንም» ሲል ፋይሉ ወደ መጀመሪያው ቦርድ ይሄዳል።

የመጀመሪያው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ኤም ኢ ቢ ይባላል። ሥራው ሕመሞቹን በወጉ መዝግቦ እያንዳንዱ ጦሩ ካስቀመጠው የጤና መመዘኛ በታች መሆን አለመሆኑን መናገር ነው። ሁለተኛው ፒ ኢ ቢ ነው፤ «ለአገልግሎት ብቁ» ወይም «ብቁ ያልሆነ» ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ወታደሩን የሚያመላልስ ሠራተኛ ይመደባል፤ ወታደሮቹ «ፔብሎ» ይሉታል። ፔብሎው ፋይል ይይዛል፣ ቀጠሮ ያስይዛል፣ ቅጽ ያስሞላል። ጥሩ ፔብሎ ያጋጠመው ሰው ዕድለኛ ነው። ሆኖም ፔብሎ ጠበቃ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ያማከረው ሰው የቆመለት ሰው ይመስለዋል።

ገና በጅማሬው ከቪኤ የተመደበ ሌላ ሠራተኛ ወታደሩን አስቀምጦ «ከዚህ ሌላ የሚያምህ ምን አለ?» ይለዋል። ይህን ጥያቄ ብዙዎቹ የእኛ ልጆች በጨዋነት ያልፉታል። ሰውዬውን ማድከም አይፈልጉም። «ወገቤ ነው እንጂ ሌላው ቀላል ነው» ይላሉ። ያ ቅጽ ግን ለቪኤ የሚቀርበው የካሳ ጥያቄ ራሱ ነው። ጉልበቱ፣ ጆሮው፣ ራስ ምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ በአገልግሎት ዘመን የጀመረው ነገር ሁሉ መስፈር ያለበት እዚያ ላይ ነው። ሳጅናችን አራት ጻፈ፦ ወገብ፣ ቀኝ ጉልበት፣ የጆሮ ጩኸት፣ እንቅልፍ የሚነሳው ጭንቀት። አራተኛውን የጻፈው ሚስቱ ስለነገረችው ነው።

ከዚያ ምርመራው ይመጣል፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ።

ወገብ የሚለካው በጎኒዮሜትር ነው። ሁለት ክንድ ያለው፣ ተማሪ ቤት የምናውቀውን ፕሮትራክተር የሚመስል ፕላስቲክ መሣሪያ ነው። ሐኪሙ ጎን ቆሞ «ቀስ ብለህ ወደፊት ጎንበስ በል» ይላል። ጤነኛ ወገብ 90 ዲግሪ ይታጠፋል ተብሎ ይወሰዳል። የቪኤ መመዘኛ ሠንጠረዥ ቁጥሩን ወስዶ ወደ ፐርሰንት ይለውጠዋል። ወደፊት መታጠፉ ከ60 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ85 ካላለፈ 10 ፐርሰንት ነው። ከ30 በላይ ሆኖ ከ60 ካላለፈ 20 ነው። 30 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 40 ነው። 61 ዲግሪ የታጠፈና 60 ዲግሪ የታጠፈ ሰው አንድ ዓይነት ሕመም ቢኖራቸውም የሚያገኙት ግን በእጥፍ ይለያያል።

ወታደር ደግሞ የሚሰለጥነው ሕመምን ጥሶ እንዲሄድ ነው። «ጎንበስ በል» ሲባል ጥርሱን ነክሶ የቻለውን ያህል ይታጠፋል። በዚያ ላይ የእኛ አስተዳደግ ሲጨመር፣ ሐኪም ፊት ማቃሰት ነውር ሲሆን፣ ሰውየው ላቡ እየወረደ 75 ዲግሪ ይደርሳል። መመዘኛው ግን እንዲህ ያለ ጀግንነት አይጠይቅም። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚያየው ፍርድ ቤት ዴሉካ በሚባለው ጉዳይ በ1995 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕመምና ድካም ከአካል እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚቀንሱ፣ በተደጋጋሚ ሲሠራና በሚብስበት ቀን ምን እንደሚሆን መታየት አለበት ብሏል። ስለዚህ ትክክለኛው ነገር ሕመሙ በሚጀምርበት ቦታ ቆም ብሎ «እዚህ ላይ ጀመረኝ» ማለት ነው። ሐኪሙ ደጋግሞ ሲያስጎነብሰው ሦስተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ፣ ማነሱ ይጻፋል።

ይህን ስል አጋንን፣ አስመስል ማለቴ አይደለም። የሌለውን ሕመም ያለ ያስመሰለ ሰው የሌላውን ቁስለኛ እውነት ያረክሳል፤ መርማሪዎቹም አይተውት ያውቃሉ። እኔ የማወራው ስለ ተቃራኒው ሐሰት ነው። ሕመምን መደበቅም ከእውነት መጉደል ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ትዕግሥት ተብሎ ስለሚመሰገን ሐሰትነቱ አይታወቀንም። «እንዴት ነህ?» ለሚለው ሐኪም የሚገባው መልስ የሰላምታ መልስ አይደለም። «ዛሬ ጠዋት ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ ባለቤቴ ናት» ማለት ይቻላል። «ከ20 ደቂቃ በላይ መቀመጥ አልችልም፤ በወር ሦስት አራት ቀን ከአልጋ አልነሳም» ማለት ይቻላል። ይህ ማማረር አይደለም፤ ምስክርነት ነው። እግዚአብሔርን ማመስገን የፈለገ ከዚያ በኋላ ያመስግን።

ከአካል ይልቅ የአእምሮ ቁስል ነው ይበልጥ የሚደበቀው። ቤተሰብ «እብድ» የሚለውን ቃል ይፈራል፤ ልጁም ከሥራ ባልደረቦቹ ፊት ዝቅ ማለትን ይፈራል። ብዙዎች ወደ ጠበል ይሄዳሉ። በጠበል መታመን መብት ነው፤ ሰው ጽናት የሚያገኝበትን እኔ አልነቅፍም። ጠበል ግን መዝገብ የለውም። ሦስት ዓመት እንቅልፍ ያጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ክሊኒክ ካልሄደ፣ ቦርዱ የሚያየው ፋይል ሦስት ዓመት ደህና ተኝቷል ይላል። ክሊኒኩንም ጠበሉንም መሄድ ይቻላል፤ ቄሱም ሐኪሙም አይጣሉም።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ጥበቃ አለው። አንድ ወታደር በከባድ ድንጋጤ ምክንያት በመጣ የአእምሮ ሕመም ከአገልግሎት ከተሰናበተ፣ መነሻው ከ50 ፐርሰንት ማነስ አይችልም፤ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ እንደገና ይታያል። ጦሩ ይህን ደንብ ለዓመታት ሳይፈጽም ቆይቶ ነበር። ከታኅሣሥ 2002 እስከ ጥቅምት 2008 ድረስ በዚህ ሕመም ተሰናብተው ከ50 በታች የተሰጣቸው ወታደሮች በጋራ ከሰሱ፤ በ2011 በስምምነት ተቋጨ። ሳቦ የሚባለው ክስ ነው። ደንቡ በመጽሐፍ ላይ ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለው የሚጠይቀው ሲገኝ ነው።

አሁን ቁጥሮቹ መጡ እንበል። ለሳጅናችን ቪኤ እንዲህ ሰጠው፦ ጭንቀት 30፣ ወገብ 20፣ ቀኝ ጉልበት 10፣ የጆሮ ጩኸት 10። ሰውየው በጣቱ ደመረ፤ 70 መጣለት። ደብዳቤው ላይ ያለው ግን 60 ነው። ተታለልኩ ብሎ ተናደደ።

የቪኤ ሒሳብ መደመር አያውቅም። አንድ ሙሉ እንጀራ መሶብ ላይ አለ እንበል፤ እንጀራው ጤነኛው ሰው ነው። ከትልቁ ይጀመራል። ጭንቀቱ ከእንጀራው 30 ፐርሰንቱን ቆረሰ፤ 70 ቀረ። ወገቡ 20 ፐርሰንት የሚቆርሰው ከሙሉው እንጀራ ሳይሆን ከቀረው 70 ነው፤ 14 ወሰደ፣ 56 ቀረ። ጉልበቱ ከ56ቱ 10 ፐርሰንት፣ 6 ገደማ ወሰደ፣ 50 ቀረ። ጆሮው ከ50ው 5 ወሰደ። 45 ቀረ፤ የተቆረሰው 55 ነው። በመጨረሻ ወደ ቅርቡ አሥር ይጠጋጋል፤ 5 ላይ ሲሆን ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ 60። እንጀራው እያነሰ ሲሄድ ቁራሹም እያነሰ ይሄዳል። 90 ላይ የደረሰ ሰው 100 ለመድረስ ለምን እንደሚከብደው ይህ ያስረዳል።

60ው ግን የቪኤ ነው። የጦሩ ቁጥር ሌላ ነው፤ ጦሩ የሚቆጥረው ከሥራው ያገዱትን ሕመሞች ብቻ ነውና። ፒ ኢ ቢ መጀመሪያ ፋይሉን ብቻ ያያል፤ ሰውየው አይቀርብም። ለሳጅናችን የመጣው ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ ወገቡ ለአገልግሎት ብቁ አያደርገውም፣ 20 ፐርሰንት። ጉልበቱ፣ ጆሮውና ጭንቀቱ ሥራውን አልከለከሉትም። ውጤት፦ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሰናበት።

በ20 እና በ30 መካከል ያለው መስመር የዚህ መንገድ ትልቁ ገደል ነው። 20 ዓመት ያልሞላው ወታደር የጦሩ ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጡረተኛ ይሆናል። ከ30 በታች ከሆነ የስንብት ክፍያ ተቀብሎ ይሄዳል። ክፍያው የሁለት ወር መሠረታዊ ደመወዝ በአገልግሎት ዓመታት ሲባዛ ነው። ለስሌት እንዲቀል ደመወዙን 3,500 ዶላር እንበል፤ 2 ጊዜ 3,500 ጊዜ 8፣ 56,000 ዶላር ይመጣል። አንድ ላይ ሲታይ ብዙ ገንዘብ ነው። አገር ቤት ቤት የሚጨርስ፣ መኪና የሚገዛ፣ ወንድም የሚያስመጣ ገንዘብ ነው። ስልኩ መደወል የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ነገር ግን ጉዳቱ ጦርነት ቀጠና ውስጥ ወይም ከውጊያ ጋር በተያያዘ ዘመቻ ካልደረሰ በስተቀር፣ ቪኤ ለዚያው ሕመም የሚከፍለውን ወርሃዊ ካሳ ያ የስንብት ገንዘብ እስኪመለስ ድረስ ይይዘዋል። ሳጅናችን የወደቀው ካምፕ ውስጥ ነው። የተቀበለው ክፍያ ከወገቡ ካሳ ቀድሞ የተወሰደ ብድር ያህል ነው ማለት ነው። ቤት ያስጨረሰበት ሰው ይህን የሚያውቀው የመጀመሪያው ወር ካሳ ተቆርጦ ሲመጣ ነው።

30 ቢያገኝስ? የጡረታ ደመወዙ የሚሰላው በፐርሰንቱ ወይም በአገልግሎት ዓመቱ ነው፤ የሚበልጠው ይያዝለታል። በ30 ፐርሰንት በወር 1,050 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይሁን እንጂ 20 ዓመት ያልሞላው የሕክምና ጡረተኛ የጦሩን ጡረታና የቪኤን ካሳ ደርቦ መውሰድ አይችልም፤ ከቪኤ የሚያገኘው ከጡረታው ላይ ይቀነሳል። የሳጅናችን የቪኤ 60 ፐርሰንት፣ ለዚያውም ለሚስትና ለልጆች ተጨምሮበት፣ ከ1,050 ስለሚበልጥ የጦሩ ጡረታ ይዋጣል። ከውጊያ ጋር ለተያያዘ ጉዳት የተዋጠውን በከፊል የሚመልስ ልዩ ክፍያ አለ፤ ጉዳቱ እዚያ ውስጥ የሚገባ ሰው ማመልከት አለበት፣ በራሱ አይመጣም።

ታዲያ 30 ምን ጠቀመው? ትራይኬር የሚባለው የጤና መድን። ለእሱም፣ ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ የሲቪል መድን ከሚጠይቀው እጅግ ባነሰ ክፍያ። ወገቡ የተጎዳ ሾፌር ነገ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያገኝ፣ ያ ሥራ መድን ይኑረው አይኑረው አይታወቅም። ትንሿ ልጅ አስም አለባት እንበል። አሜሪካ የኖረ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ ሰው በ20 እና በ30 መካከል ያለውን ልዩነት ሲመዝን 56,000ውን ከ1,050ው ጋር ማወዳደሩን ትቶ ከልጆቹ የሐኪም ቤት ወጪ ጋር ያወዳድር።

ሕመሙ ገና ያልረጋ ሰው ደግሞ በጊዜያዊ ጡረታ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በየጊዜው እየተመረመረ ቢበዛ በ3 ዓመት ውስጥ የመጨረሻውን ያገኛል። ለምርመራ ሲጠራ አለመቅረብ ክፍያውን ሊያስቆም ስለሚችል አድራሻ የቀየረ ሁሉ አድራሻውን ያሳውቅ።

የብሔራዊ ዘብና የተጠባባቂ ጦር አባላት አንድ ነገር አይርሱ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን የሚመሰክር ወረቀት በጊዜው መጻፍ አለበት፤ ያ ወረቀት ከሌለ ከላይ ያወራሁት ሁሉ በሩ አይከፈትም። ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም የገቡም አሉ። ከ2009 እስከ 2016 ግሪን ካርድ የሌላቸውን ቋንቋ አዋቂዎች ይቀበል የነበረ ፕሮግራም ነው፤ አማርኛም ከተፈላጊዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ «ቦርድ ብወጣ ዜግነቴን ይነጥቁኝ ይሆን?» ብለው ይፈራሉ። ሕጉ በአገልግሎት የተገኘን ዜግነት ለአደጋ የሚያጋልጠው ወታደሩ 5 ዓመት ሳያገለግል ክብር በሌለው ሁኔታ ሲባረር ነው። በሕክምና በክብር መሰናበት ከዚያ ጋር አይገናኝም። በዚህ ፍርሃት ሕመሙን የደበቀ ሰው ያለ ምክንያት ነው የተጎዳው።

ሳጅናችን ውሳኔው የመጣለት ቀን ፔብሎው ወረቀቱን ዘርግቶ የሚፈረምበትን ቦታ አሳየው። ሳጥኖቹ ጥቂት ናቸው፦ እስማማለሁ፤ አልስማማም፤ ፊት ለፊት ልሰማ እፈልጋለሁ። ቀኑ በጣት የሚቆጠር ነው። ባለሥልጣን የሰጠውን ወረቀት ፊቱ እያለ «አልፈርምም፣ ልየው» ማለት ለእኛ ልጅ ከባድ ነው፤ ድፍረት ይመስለዋል። ሳጅናችን ግን ወረቀቱን ይዞ ጠበቃ ዘንድ ሄደ። ይህ ጠበቃ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቦርድ ለሚቀርቡ ወታደሮች ብቻ ጦሩ ራሱ ያቆመው ነው። ከሐኪሞቹ ቦርድ ጊዜ ጀምሮ ማማከር ይቻላል፤ አብዛኛው ሰው የሚሄደው ግን ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ውጭ ደግሞ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት፣ እንደ ዲ ኤ ቪና አሜሪካን ሌጅዮን ያሉት፣ ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፤ እነሱም በነፃ ነው የሚሠሩት። ስልክ እየደወሉ «ፐርሰንትህን ከፍ እናደርግልሃለን፣ ከምታገኘው ትከፍለናለህ» የሚሉ ደላሎች አሉ። ለመጀመሪያ የካሳ ጥያቄ ዝግጅት ክፍያ መጠየቅ ሕጉ አይፈቅድም። ጨዋ መስለው፣ አንዳንዴም በቋንቋችን ቀርበው ይመጣሉ። አይሆንም በሏቸው።

ጠበቃዋ ፋይሉን ገለጠች። ወገቡን ከ20 ወደ 40 ማሳደግ እንደማይቻል ወዲያው አየች፤ በመለኪያው 50 ዲግሪ ታጥፏል፣ እውነቱም ያ ነው። ዓይኗ ያረፈው አዛዡ ስለ ወታደሩ የሥራ ችሎታ በጻፈው ገጽ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሐኪም ወረቀት ሲያሳድድ ይህን ገጽ ይረሳዋል። አዛዡ ሐኪም ስላልሆነ የሚጽፈው ስለ ሥራው ነው፦ ይህ ሰው ምን መሥራት አቃተው? አዛዡ «ጎማ ማንሳት፣ የጥይት መከላከያ ጃኬት ለብሶ መቀመጥ አይችልም» ብሎ ጽፎ ነበር። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር አለች፦ «ወደ መኪናው ለመውጣትና ለመውረድ የሌላ ሰው እርዳታ ይፈልጋል።»

«ይህ ከወገብህ ነው ከጉልበትህ?» አለችው።

«ከጉልበቴ።»

ጠበቃዋ ወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ጻፈች። ወገብ 20፤ ጉልበት ከተጨመረ ከቀረው 80 ላይ 10 ፐርሰንት፣ 8 ነው። 28። የሚጠጋጋው ወደ 30።

ስለዚህ የወገቡን ቁጥር መጨመር አላስፈለገም። ማሳየት ያለባቸው ጉልበቱም በራሱ ከሥራው እንዳገደው ነው። ሳጅናችን ፊት ለፊት ልሰማ የሚለውን ሳጥን መረጠ፤ ይህን የሚሰማው መደበኛው ቦርድ ይባላል። ከቦርዱ ቀን በፊት ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ የምስክርነት ደብዳቤ ሰበሰበ። ሚስቱም ጻፈች። የፊዚዮቴራፒስቱ የድሮ ማስታወሻ ከፋይል ተፈልጎ ወጣ።

መደበኛው ቦርድ ፊት ለፊት ነው። ሳጅናችን ልብሱን አስተካክሎ ገባ፤ እጁን አንስቶ ማለ። ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው መኮንን ስለ ሥራው ጠየቁት። ፒ ኤል ኤስ ስለሚባለው ባለ 10 እግር መኪና፣ በቀን ስንት ጊዜ ጭነት እንደሚፈትሽ፣ ስንት ጊዜ ወጥቶ እንደሚወርድ ተናገረ።

«ወደ ጋቢናው እንዴት ነው የምትወጣው? አሳየን» አለችው ጠበቃዋ።

ወንበሩን ይዞ ተነሳ። የመጀመሪያው መርገጫ ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ በእጁ ለካላቸው፤ ከጉልበቱ በላይ ነው። ግራ እግሩን አንስቶ በአየር ላይ አስቀመጠው፣ እጀታውን እንደሚይዝ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«ቀኜ ስለማይሸከመኝ በግራዬ ነው የምወጣው» አለ። «ስወርድ ግን ምርጫ የለኝም፤ አንዱ ከታች ካልደገፈኝ ቀኜ ይከዳኛል። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። አልተናገርኩም ነበር።»

ሦስቱም ጻፉ።